ጠያቂ የሌለው መጠለያ እስር ቤት ነው!

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆችና የሰፈሩ የዕድር አባላት መቐለ ዓይናለም ውስጥ ባደረጉት ስብሰባ ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር ያሰሙት ንግግር ነው። በአማርኛ የተናገሩት ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ስለነበሩ ነው። ተናጋሪው ለወንድማቸው ክብር ሲሉ ስማቸው እንዳይወጣ ጠይቀዋል፤ እኛም አክብረናል።)



እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። ሰላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩት ልጆች ፊት ነው። ልጅ ሲሰለቸው ያዛጋል፤ እናንተ ጨዋ ስለሆናችሁ አታዛጉም፤ ስለዚህ ሰዓቴን ራሴ እጠብቃለሁ።

የተጠራነው በአንድ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን እኛ ካለፍን በኋላ የሚኖሩበት ቤት በሰፈራችን ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ፕላኑም ይኸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያማረ ነው። ሰብሳቢያችን «አንተ ስለ አያያዙ ጥራት ተናገር» አሉኝና ፕላኑን ቀርቤ አየሁት። የመኝታ አዳራሽ አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ የግንብ አጥር አለው፣ በሩ ላይ የዘበኛ ቤት አለው። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ጠያቂ በየት በኩል ነው የሚገባው?

በአማርኛ ጠያቂ ማለት ሁለት ነገር ነው። ታማሚን ወይም እስረኛን ሊያይ የሚሄድ ሰው ጠያቂ ነው። «ይኸ ለምን ሆነ?» ብሎ መልስ የሚሻ ሰውም ጠያቂ ነው። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ሁለቱም በሌሉበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው።

ብዙዎቻችሁ ወንድሜን ታውቁታላችሁ። ስሙን ከዚህ መድረክ ላይ አልጠራም፤ ፈቃዱን አልጠየቅሁትም። አሁን ዕድሜው ከአርባ አልፏል። ሲወለድ ምጥ ጠንቶ ነበር፤ ዘግይቶ ሄደ፣ ዘግይቶ አፉን ፈታ፣ ገንዘብ መቁጠር እስከ ዛሬ አልሆነለትም። የሰፈር ልጆች «ዓሻ» ይሉታል። ሞኝ ማለት ነው። በስድስት ዓመቱ የሚጥል በሽታ ተጨመረበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንያዝ። ወንድሜ እብድ አይደለም። የአእምሮ ሕመም በማንም ላይ በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ የሚችል፣ በሕክምናም ሊሻለው የሚችል ነገር ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ግን በሽታ አይደለም፤ ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ነገሮችን ቀስ ብሎ የሚረዳበት፣ ዕድሜ ልኩን የሰው እጅ የሚያስፈልገው ሁኔታ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ «የአእምሮ ችግረኛ» ማለትና አንድ አዳራሽ ውስጥ መዝጋት ነው የጥፋቱ ሁሉ መጀመሪያ።

ወንድሜ ሥራ ነበረው። ውሃ ያመላልስ ነበር። የመቐለ ሕዝብ ለዓመታት የጠጣው ውሃ ከዚሁ ከዓይናለም ጉድጓዶች እየተሳበ የሄደ ነው፤ እኛ ባለጉድጓዶቹ ግን ቧንቧው ሲቋረጥ ጄሪካን ይዘን እንንከራተታለን። ያን ጊዜ ለአሮጊቶቹ ውሃ የሚያደርሰው እሱ ነበር። የማን ቤት በር በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ከእኔ ይበልጥ እሱ ያውቃል። እናታችን እስክትሞት ድረስ ይዛው ኖረች። ስትሞት ቃሏ አንድ ብቻ ነበር፤ «እሱን አደራ» አለችኝ። እዚህ ከተቀመጣችሁት እናቶች ውስጥ ይህቺን ቃል ሌሊት ሌሊት የማታስባት አለች? «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?» ያላለች አለች?

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ጥቅምት 2013። ያንን እናንተው አብራችሁ ያያችሁት ነው፤ አልተርክላችሁም። ባንክ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒት ጠፋ። ወንድሜ ፌኖባርቢታል የምትባል፣ ከመድኃኒት ሁሉ ርካሽ የሆነች ክኒን ነበር የሚውጠው። እሷ ስትጠፋ በሽታው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጥለው ጀመር። አንድ ማታ ምድጃ ላይ ወደቀ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ መድኃኒቱ ሲመለስ የሱ ቀኝ እጅ አንዴ ተቃጥሎ ነበር። ባለቤቴም አልጋ ላይ ዋለች። እኔ ሁለቱንም ማንሳት አቃተኝ።

በ2016 ዓ.ም. ከመቐለ ውጭ በአንዲት ከተማ ወደሚገኝ መጠለያ ወሰድኩት። የመጠለያውን ስም አልናገርም፤ ዛሬ የመጣሁት ለመክሰስ አይደለምና። የወሰድኩት ቀን አንሶላው ነጭ ነበር። ግቢው ታጥቧል። ግድግዳው ላይ ከለጋሾች ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ለመጠየቅ የተፈቀደው ከወር አንድ እሑድ ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቱንም እሑድ። ሦስቱንም ጊዜ አንሶላው ነጭ ነበር።

አራተኛውን ሐሙስ ሄድኩ። ወደዚያች ከተማ ለለቅሶ ሄጄ ነው እንጂ መርማሪ ሆኜ አይደለም። ዘበኛው «ጥየቃ እሑድ ነው» አለኝ። «ወንድሜን ነው የማየው፣ ፈቃድ አያስፈልገኝም» ብዬ ገባሁ። ወንድሜ በእኩለ ቀን አልጋው ላይ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ በነጠላ ቅዳጅ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። አንሶላ የሚባል ነገር አልነበረም። ስጠራው ቀና ብሎ አየኝና እንደገና ግድግዳውን አየ።

ጮህኩ። ማን የማይጮህ አለ? አንዲት ወጣት ተንከባካቢ ሮጣ መጣች። ዕድሜዋ ከሃያ አይበልጥም። «መምህር» አለችኝ እያለቀሰች፣ «እኔ አንድ ነኝ፣ እነሱ ሃያ ሁለት ናቸው። ሌላዋ ልጅ ደመወዝ ሦስት ወር ሲቀርባት ሄደች። እሱ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ይመታል። ካላሰርኩት ይሞትብኛል፤ ከሞተብኝ እኔ እታሰራለሁ።»

ወገኖቼ፣ ይህችን ልጅ ምን ልበላት? ጨካኝ ልበላት? ሃያ ሁለት ሰው ለአንዲት ልጅ አሸክሞ፣ ደመወዟን ከልክሎ፣ በሩን ቆልፎባት የሄደውስ ምን ሊባል ነው? እሷ ላይ ብፈርድ ኖሮ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይሆን ነበር። ገመዱን ያሰረችው እሷ ናት፤ ያስያዟት ግን ሌሎች ናቸው። ከነዚያ ሌሎች ውስጥ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። በአሥራ አንድ ወር ሦስት ጊዜ፣ ያውም በተነገረኝ ቀን፣ በተነገረኝ ሰዓት የሄድኩት እኔ!

ይኸ የእኛ የድሆቹ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ዊሎውብሩክ የሚባል ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተሠራ መንግሥታዊ ተቋም ነበር። ለ4000 ሰው የተሠራው ቤት ከ5000 በላይ ታጉሮበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ጄራልዶ ሪቬራ የተባለ ጋዜጠኛ፣ ከዚያው በተባረረ ሐኪም ቁልፍ ካሜራውን ይዞ ገባ። ራቁታቸውን ወለል ላይ የተኮለኮሉ ልጆችን ሕዝቡ በቴሌቪዥን አየ። ቤቱ ጨርሶ እስኪዘጋ 1987 ደረሰ። ሀብታም አገር ነው፤ ያጣው ገንዘብ አልነበረም። ያለ ቀጠሮ የሚገባ ሰው ነው ያጣው።

ወደ አህጉራችን እንምጣ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ያለችበት ጋውቴንግ ክፍለ ሀገር፣ ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከተባለ ድርጅት ጋር ውል ነበራት። ድርጅቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ይዞ ያኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የክፍለ ሀገሩ ጤና ቢሮ «ወጪ እንቀንስ» ብሎ ውሉን ሰረዘና በ2016 ከ1700 በላይ ሰዎችን ለየበጎ አድራጎት ድርጅቱ አከፋፈለ። ፈቃዳቸው በሕግ የጸና አልነበረም። አንዳንዶቹ በክፍት ፒክአፕ መጥተው ሰው ጭነው ሄዱ። ቤተሰብ አስቀድሞ ጮኋል፣ ፍርድ ቤት ድረስም ተሂዷል፤ ቢሮው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ከዚያስ? ሰዎቹ በረሃብ፣ በውሃ ጥም፣ በብርድ ይረግፉ ጀመር። ነገሩ እንዴት እንደወጣ ልብ በሉ። መስከረም 2016 ላይ ጃክ ብሉም የተባለ የተቃዋሚ ፓርቲ እንደራሴ በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተነስቶ ጠየቀ። ባለሥልጣኗ 36 ሰዎች መሞታቸውን አመኑ። በ2017 የጤና እምባ ጠባቂው መርምሮ ከ94 ያላነሱ ናቸው አለ። በመጨረሻ የተቆጠሩት 144 ሆኑ። በ2018 የቀድሞው ምክትል ዋና ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ በሽምግልና ዳኝነት ተቀምጠው፣ መንግሥት ለቤተሰቦቹ ለእያንዳንዳቸው 1.2 ሚሊዮን ራንድ እንዲከፍል ወሰኑ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው፤ የተጣለው ግን ሰው ነበር!

እኔ ከዚህ ሁሉ የማልረሳው አንዱን ጥያቄ ነው። ያ ሰው ባይጠይቅ ኖሮ 36ቱ ቁጥር ሆነው እንኳ አይወጡም ነበር። የኛስ? በየመጠለያው የሚሞተውን የሚቆጥር ማን አለ? በየትኛው ምክር ቤት፣ ማን ተነስቶ ነው የጠየቀው?

አገራችን ውስጥ ደግ ሰው ጠፍቷል አላልኩም። አዲስ አበባ ውስጥ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ከጎዳና ያነሳቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሺዎች ይቆጠራሉ። በ2013 ዓ.ም. ያረፈችው ዘሚ የኑስ፣ ከልጇ ችግር ተነስታ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍታ፣ ቤት ውስጥ ታስረው ይውሉ የነበሩ ልጆችን ፀሐይ አሳይታለች። እዚሁ መቐለም ከ1966ቱ ድርቅ ማግስት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ኤስኦኤስ የሕፃናት መንደር ተቋቁሟል። የዚያን መንደር አሠራር አስቡት፤ መቶ አልጋ የተደረደረበት አዳራሽ አይደለም፤ ልጆቹ በየቤታቸው ከአንዲት እናትና ከወንድም እኅት ጋር ነው የሚያድጉት። ይህ ከተማ የትንሽ ቤትን ነገር ከማንም በፊት አይቶታል።

ግን ደግነት ብቻውን ጥራት አይሆንም። ደግ ሰው ይደክማል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ለጋሽ ይሰለቻል። ሕግና ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይረዳል ይልና «አቅም በፈቀደ» የምትል መውጫ በር ያበጃል። ይህቺ «አቅም በፈቀደ» የምትባል ነገር ታስቀኛለች። ለጥይት ጊዜ አቅም ሲፈቅድ አይተናል። ለአዳራሽ ምረቃ፣ ለባነር፣ ለቲሸርት አቅም ይፈቅዳል። ለወንድሜ ክኒን ሲሆን ነው አቅም የሚያጥረው!

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ አጽድቃለች። አንቀጽ 19 ማንም ሰው በጉዳቱ ምክንያት ተለይቶ በተዘጋ ተቋም እንዲኖር መገደድ የለበትም፣ ከማኅበረሰቡ መሐል የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 16 ደግሞ ጉዳተኞችን የሚያገለግል ማናቸውም ተቋም ነፃ በሆነ አካል ይታይ፣ ይመርመር ይላል። ነፃ በሆነ አካል! ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ገምግሞ፣ ራሱ «አበረታች ውጤት» ብሎ ሪፖርት የሚያሳምር አካል ነፃ አይደለም።

ሌላም ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 341 ሲጻፍ፣ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ወይም ማቆያ ቤት የገባ ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ በይፋ የታወቀ ሰው ሆኖ እንዲቆጠር አድርጎ ነው። ልብ በሉ! ዳኛ አነጋግሮት አይደለም፤ የዚያን ቤት በር በማለፉ ነው። የአንድ ሰው ቃል ከደጁ መልስ ዋጋ ካጣ፣ «መቱኝ፣ ራበኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? በር ላይ የሚቀረው ጫማው ብቻ አይደለም፤ ምላሱም ነው።

እንግዲህ «ቤቱ አይሠራ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ ይሠራ! እኔም አርጅቻለሁ፤ አደራዬን የማወርድበት እፈልጋለሁ። ግን ሲሚንቶ ከመገዛቱ በፊት እነዚህ ነገሮች በቃለ ጉባኤ ይግቡልኝ።

አንደኛ፣ ትልቁ አዳራሽ ይቅር። በአንድ ቤት አምስት ስድስት ሰው፣ ከሰፈሩ ቤቶች መሐል፣ ከጎረቤት ጋር ቡና የሚጠጣበት ቤት ይሁን። ሴቶቹ ለብቻቸው ይደሩ፤ የሚያጥቧቸውም ሴቶች ይሁኑ። ለምን እንደምል እናቶች ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ የተንከባካቢዎች ደመወዝ ከግንቡ በፊት ይያዝ። «ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ ያድራል?» ብለን እንጠይቅ። ቀን ቀን ሁሉም ቤት ያምራል፤ የመጠለያ ልኩ የሚታወቀው ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ ማሰር ክልክል ይሁን። ለማስተኛት ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒትም ሐኪም ካላዘዘው አይሰጥ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ገመድ አያስፈልገውም፤ ክኒኑ ሳይቋረጥ፣ መኝታው ዝቅ ብሎ ወለል ላይ ፍራሽ፣ አጠገቡም ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አራተኛ፣ ሥራ ይኑራቸው። ወንድሜ ከዚያ ቤት ሲመለስ ውሃ መቅዳት ረስቶ ነበር። የሚያሳዝነው እሱ ብቻ አይደለም። ከክፍሉ ለመውጣት በሩ ላይ ይቆምና «ሂድ» እስክለው ይጠብቃል። በሩ ክፍት ነው እኮ! አሥራ አንድ ወር ነው ይህን ያስተማረው።

አምስተኛ፣ ሰው ሲሞት ሐኪም ሳያየው፣ ዕድሩ ምክንያቱን ሳይሰማ አይቀበር። ለጤነኛው ሟች ሦስት ቀን ተቀምጠን እንጠያየቃለን፤ ለእነሱም እንጠይቅ።

ስድስተኛውና ዋናው፣ የጠያቂ ተራ ይውጣ። ዕድራችን ለቀብር ተራ ማውጣት ያውቅበታል፤ ለዚህም ያውጣ። በየሳምንቱ ሁለት ሰው በዕጣ ይመረጥ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቤቱ አስቀድሞ አይወቅ፣ ሌሊትም ይሁን። ገብተው ድስቱን ይክፈቱ፣ ብርድ ልብሱን ይግለጡ፣ ቁርጭምጭሚት ይዩ፣ ያዩትን በመዝገብ ይጻፉ። መዝገቡ ቤቱ ውስጥ አይቀመጥ፤ ዕድሩ ዘንድ ይቀመጥ። ጋዜጠኛ ቢመጣም በሩ ይከፈትለት። የሚደብቅ ነገር የሌለው ሰው ብዕር አይፈራም።

ለመንግሥትም አንድ ቃል አለኝ። እኛ በዕጣና በተራ የምንሠራው ያንተን ሥራ ነው። የተንከባካቢ ደመወዝና መድኃኒት እንኳ ቻል። መጠለያዎችን የሚመረምር፣ ያየውን ለሕዝብ አትሞ የሚያወጣ ነፃ አካል አቁም። የሕዝብ እንደራሴ ነን የምትሉም፣ አንድ ቀን ያለ አጃቢ፣ ያለ ካሜራ፣ ያለ ቀጠሮ አንዱን በር አንኳኩ።

ለእኛ ለራሳችን ደግሞ መራራውን ልናገር። ይህች ከተማ በአሞሌ ንግድ የኖረች ናት፤ «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» የሚለው ተረት ከኛ በላይ ለማን ይገባዋል? እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ የምንደብቅ እኛ ነን። ሠርግ ላይ የማንወስደው እኛ ነን። «ስንት ልጅ አለህ?» ስንባል እሱን ሳንቆጥር የምንመልስ እኛ ነን። እኛ ያልቆጠርነውን መጠለያው እንዴት ይቁጠርልን?

ልጨርስ። ወንድሜ አሁን ከእኔ ጋር ነው። ከጎረቤት ልጅ ጋር ሆኖ ውሃ መቅዳት ጀምሯል፤ ግማሹን መንገድ ላይ ይደፋዋል፤ ይድፋው። ትናንት ማታ ስለዚህ ስብሰባ ነገርኩት። «ቤት ሊሠራ ነው፤ አንተም ትኖርበት ይሆናል፤ ምን ትላለህ?» አልኩት። ሰው ጠይቆት ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ በትግርኛ «ማዕጾኡ ይኽፈት ድዩ?» አለኝ። በሩ ይከፈታል ወይ ማለቱ ነው።

እኔ መልስ አልሰጠሁትም። መልሱ የእናንተ ነው፤ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ያንን ፕላን አንዴ ደግማችሁ እዩት።